ዳዊት በእርሳስ አይነበብም

እኛ ቤት ትምህርት ቀርቦን አያውቅም። እናቴ አንደኛ ደረጃን አርቦዬ ስትማር አስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሬዲዮ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ስማር አስተማሪዬ የብረት ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ ቴሌቪዥን ነበር፤ ፕላዝማ እንለዋለን። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ተራው ደርሶኝ እኔው አስተማሪ ሆኜ ስለነበር፣ ስልክ የሌላቸውን ተማሪዎች በስልክ አስተማርኩ። ስለዚህ እናቴ ጡረታዋ ከሩቅ መታየት በጀመረበት ዕድሜ «የርቀት ትምህርት ልመዘገብ ነው» ስትል ከቤተሰቡ ማንም አልደነገጠም። አገሩ ከሩቅ ሊያስተምረን ሲሞክር ስንት ዘመኑ ነው፤ እስካሁን አልደረሰብንም እንጂ ተስፋ አልቆረጠም።

የሬዲዮው አስተማሪ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ደግ ሰው ነበር። «ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው?» ይልና ዝም ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ አሥራ አራትም ይበል አሥራ ስድስት፣ ሬዲዮው ትንሽ ቆይቶ «በጣም ጎበዞች!» ይላቸዋል። እናቴ ከዚያ በኋላ በኖረችው ዕድሜ ሁሉ እንዲህ ያመናት አስተማሪ አላገኘችም። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይጎተታል። ያን ጊዜ ባትሪዎቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፣ ተማሪውም እስኪሞቁ ድረስ እረፍት ይወጣል።

የእኔው ፕላዝማ ግን ደግነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እንግሊዝኛውን ያንደቀድቀዋል፣ ጥያቄ ይጽፋል፣ «ሁለት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ» ይላል። እኛ ጥያቄው ምን እንደሆነ እርስ በርስ ስንጠያየቅ እሱ መልሱን ሠርቶ፣ አመስግኖን፣ ተሰናብቶን ይሄዳል። የክፍላችን መምህር ዲግሪ ያለው ሰው ነበር፤ ሥራው ሳጥኑን መክፈትና መቆለፍ ነው። ደግነቱ አሰላ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ መምህራችን ጠመኔ ያነሳና እንደ ጥንቱ ያስተምረናል። የማውቀውን ፊዚክስ በሙሉ የተማርኩት መብራት በሌለባቸው ቀኖች ነው፣ ዛሬም አሰላ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ።

እናቴ ሳጉሬ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። ባለጉዳይ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ፋይሉ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ታውቃለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አዲስ መዋቅር መጣ። መዋቅር ማለት፣ ለማያውቅ፣ ሰው እንደተቀመጠ ወንበሩ ከሥሩ የሚሳብበት አሠራር ነው። በአዲሱ መዋቅር የእናቴ ቦታ ዲግሪ ይጠይቃል ተባለ። ዲግሪ የሌለው «ተንሳፋፊ» ይሆናል፤ ሌላ ቦታ እስኪገኝለት ይጠብቃል፣ ካልተገኘለት ይሰናበታል። ሐይቅ በሌለበት ሳጉሬ ሰው የት ሄዶ እንደሚንሳፈፍ ግን ያብራራ የለም። ዲግሪውን ለማምጣት ጊዜ ሰጧት። እሷም በቀጣዩ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ አሰላ መጣችና ተመዘገበች።

ኮሌጁ ከፍራሽ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ማስታወቂያው ከክፍሉ ይሰፋል። ስትወርድ ደረጃው ሥር ጠብቄ ምን ልትማሪ ነው አልኳት።

«አካውንቲንግ።»

«ለመዝገብ ቤት አካውንቲንግ ምን ያደርጋል?»

«የሌላው ሞጁል አልቋል አሉኝ» አለች።

ሞጁል የርቀት ተማሪ አስተማሪ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ የተጠረዘ መጽሐፍ። በዚያ ላይ አንዳንድ ቅዳሜ ቱቶሪያል አለ። መምህሩ ይመጣና ሞጁሉን ከፍቶ ያነብላቸዋል፤ ሲጨርስ ስም ይጠራል። ከሁሩታ የሚመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር፣ ለቀሩት ጓደኞቹ ሁሉ ድምፁን እየቀያየረ «አቤት» የሚል። ለሴቶቹ ያቀጥነዋል፣ ለሽማግሌዎቹ ይስልላቸዋል። ለእናቴም አዘነላትና፣ «እርስዎ ደግሞ ከሳጉሬ ድረስ ምን ያመላልስዎታል? ቤትዎ ይቀመጡ፣ እኔ አቤት እልልዎታለሁ» አላት።

«ተወኝ ልጄ» አለችው። «የሌለሁበት ቦታ አለች እንዲባልልኝ አልፈልግም። የቀረሁ ቀን ቀረች በሉኝ።»

ቀረች የተባለችበት ቀን ግን የለም። መምህሩ ቀርቶ እሷ የተገኘችባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱን ማንም አልመዘገበላትም።

አሳይመንቱም እንዲሁ ነው። አሰላ ውስጥ አንዳንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የኮርሱን ስም መናገር ይበቃል፤ የተሠራው ከመሳቢያ ይወጣል፣ ባዶ የሆነው የስም ቦታው ብቻ ነው። እናቴ የራሷን ራሷ ሠራች። ውጤት ሲመጣ የገዙት ሁሉ በለጧት። እኔ ጨስኩ፤ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግበኛል። እሷ ግን ሳቀች። የእነሱ ሥራ ስንት ሰው ሲያርመው የኖረ ነው፣ የእኔ ገና የሳምንት ልጅ ነው አለችኝ።

ትልቁ ችግር ማጥኛ ቦታ ነበር። መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ አለ። ቤት ስትገባ ቤቱ ራሱ ባለጉዳይ ነው። የቀረው ጊዜዋ የለቅሶ ነው። ሳጉሬ ላይ ሰው የሚሞተው እንደማንኛውም አገር ነው፤ ልዩነቱ እኛ ማንንም ሳንቀብር አንቀርም። እናቴ ያለችበት የሴቶች እድር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ ከቀብር በኋላም እየተገኙ ድንኳን መቀመጥ ግዴታ ነው።

ታዲያ አንድ ከሰዓት ድንኳን ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ እንደተቀመጠች አንድ ነገር ተገለጠላት። ከተዳረች ጀምሮ፣ ማንም ምንም ሳያዛት ለረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት የተፈቀደላት ቦታ ያ ድንኳን ብቻ ነበር። ንፍሮው እንኳ እየዞረ እጇ ድረስ ይመጣላታል። ኮሌጁ ያላሰናዳላትን ቤተ መጻሕፍት እድሩ አሰናድቶላት ኖሯል።

ሞጁል ይዞ ለቅሶ መሄድ ግን ነውር ነው። አባቴ ትቶት የሄደ ትልቅ ዳዊት ነበረን፤ ገጾቹ ከቆዳ ሽፋኑ ተላቀው ለብቻቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሽፋኑን አወረደች። ሞጁሉን ከጥራዙ ፈትታ፣ ምዕራፍ ምዕራፉን ለሁለት አጥፋ በመርፌ ሰፋችና ቆዳው ውስጥ አስገባችው። የንስሐ አባቷ ቢያዩት ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት።

«ዳዊቱን አልነካሁም» አለችኝ። «ልብሱን ነው የተዋስኩት።»

እንዲህ ሆኖ ዝናዋ ወጣ። በየድንኳኑ ጥግ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከሰው ወሬ ሳትገባ ዳዊት የምትደግም ሴት ተባለች። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ እንደ እሷ ያለ ትጉህ ቢበዛልን አሉ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን በአጠገቧ ስታልፍ ትከሻዋን ቸብ እያደረገች «ጀባዹ እህቴ፣ ጀባዹ» ትላታለች፤ በርቺ ማለቷ ነው። እናቴ የምትበረታው ከንብረት እርጅና ስሌት ጋር ነበር። አንድ ቀንማ የሒሳቡ ሁለት ወገን አልመጣጠን ብሏት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሟቹን በመንገድ ሰላምታ ብቻ ነበር የምታውቃቸው። ቤተሰባቸው ግን ያን ዕንባ እስከ ዛሬ አልረሳላትም፤ በየበዓሉ እየመጡ ይጠይቋታል።

የእድሩ ሰብሳቢ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ለደንብ የተፈጠሩ ሴት ናቸው። ቀብር ላይ ወኪል መላክን የከለከሉት እሳቸው ናቸው። ልጅም ትምጣ የቤት ሠራተኛ፣ አባሏ ራሷ ካልመጣች ቀሪ ናት። «ሟች ወኪል አልላከም፣ ራሱ ነው የሞተው» ይላሉ። ይህን ብለው ከጨረሱ በኋላ የሚከራከራቸው ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ ከአሰላ መጥቼ በነበርኩበት አንድ እሑድ፣ ከለቅሶ ስንመለስ እማማ ከእኛ ጋር ነበሩ። የስንዴው ማሳ ጠርዝ ላይ ነፋሱ ነጠላችንን ያገላብጣል።

«ልጄ፣ ዛሬ ምዕራፉ ከበደሽ መሰለኝ» አሏት እናቴን።

«አዎ እማማ፣ ከበድ ይላል።»

«አይቼሻለሁ። ደጋግመሽ ሰረዝሽ።»

እናቴ ክው አለች።

«ዳዊት በእርሳስ አይነበብም፣ ልጄ» አሉ እማማ መንገዳቸውን ሳያቆሙ። «እኔ ፊደል ባልቆጥርም ሲነበብ እያየሁ ነው ያረጀሁት።»

እናቴ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ስትጠይቃቸው ከመጀመሪያው ለቅሶ ጀምሮ ነው አሏት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበል? ከጎንሽ ያሉት የሰው ልጅ ስም ሲያነሱና ሲጥሉ ነው የሚውሉት። አንቺ ቢያንስ አትጮሂም። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚለው?»

እናቴ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አስረዳቻቸው። የተቀበልሽው በአንዱ ወገን ይጻፋል፣ የሰጠሽው በሌላው ወገን ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ወገን እኩል መሆን አለበት።

«እኩል ካልሆነስ?»

«የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። እስኪገኝ ይፈለጋል።»

«ደግ ነገር ነው የሚለው» አሉ እማማ። «እኔ የሞትኩ ጊዜ ይሄንኑ አንብቢልኝ። ዳዊቱን ቄሶቹ ያደርሱልኛል።»

«ኧረ እማማ፣ ሞት ይርሳዎት!»

«ይርሳኝ። አንቺ ግን ቶሎ ጨርሺው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ድንኳን ሲገቡ እናቴን ከልለው ከፊቷ ይቀመጣሉ። አጠገቧ ተጠግታ ወሬ ልትጀምር ያሰበች ሁሉ «ተያት፣ ጸሎት ላይ ናት!» ተብላ ትመለሳለች። እኒያ ለማንም ብለው ከደንብ ንቅንቅ የማይሉ ሴት ለእናቴ ሲሉ አራት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ዋሹ።

እናቴ ልትጨርስ ስትል የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር ለርቀት ተማሪዎችም መጣ። ቀድሞ ቀላል ነበር። ጋውን ተከራይቶ፣ ፎቶን በትልቅ ባነር አሳትሞ፣ በግ አርዶ መመረቅ ነው። አሁን ከሩቅ የተማረ ሁሉ ቀርቦ በኮምፒዩተር ይፈተን፣ ያላለፈ ዲግሪ የለውም ተባለ። እናቴ ኮምፒዩተር ታውቃለች፤ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ አንድ አለ፣ የአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ይኖራል። አለቃዋም ቁርጡን ነገሯት። ወንበሩን የሚጠብቁላት እስከዚህ ፈተና ውጤት ድረስ ብቻ ነው።

እኔ ላፕቶፕ ይዤ በየሳምንቱ ሳጉሬ መመላለስ ጀመርኩ። ማውሱን ስትይዘው እንደ እንቁላል ነው። ቀስቱን ወደ ቀኝ ስትገፋ፣ ስትገፋ፣ ጠረጴዛው ያልቅባታል።

«ከዚህ በኋላስ የት ልሂድ?» አለችኝ አንድ ጊዜ፣ ማውሱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ አየር ላይ ይዛ።

እማማ ያን ሰሞን ታመው አልጋ ይዘዋል። እናቴ ከሥራ ስትወጣ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ትገባለች። ስለ ሕመማቸው ስትጠይቃቸው የፈተናው ቀን ደረሰ ወይ ብለው እሳቸው ይጠይቋታል። ቀኑ ደረሰ። እማማ በዋዜማው አረፉ።

ቀብሩ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው ተባለ። ፈተናው አሰላ፣ ስምንት ሰዓት ነው። ማታውኑ ከአሰላ መጥቼ ነበርና ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አልሄድም» አለችኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

እኔ መቼም አስተማሪ አይደለሁ፣ በዝርዝር አስረዳኋት። ወንበሩን፣ ደመወዙን፣ የለፋችበትን ጊዜ።

«ወንበሩ በአፍንጫዬ ይውጣ» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ ከልለውኝ፣ ዛሬ እሳቸው ሲሄዱ ጥያቸው ልሂድ?»

ልክ ነበረች፣ ያ ነው ያናደደኝ።

በዚህ መሃል የእማማ ልጅ መጣች። የእናቴ እኩያ ናት፣ አብረው ነው ያረጁት። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል። እናቴ ፊት ቆመችና «ተነሺ» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ ዛሬ እንኳ ተይኝ።»

«እናቴ ትናንት እህል ውኃ እምቢ ባለች ሰዓት የጠየቀችኝ ስለ አንቺ ነው። ነገ ትሄዳለች አይደል አለችኝ። አዎ፣ እሄዳለሁ ብላለች አልኳት። አሁን አስከሬኗ ፊት ውሸታም አታድርጊኝ።»

እናቴን ብብቷ ሥር ገብታ ብድግ አደረገቻት። ሐዘንተኛዋ አፅናኟን እየደገፈች ወደ አስፋልቱ ሲወጡ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሴት ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ለካ ስለ ዳዊቱ ያላወቀ አልነበረም። የሚኒባሱ ረዳት ለቀብር የሚሳፈር ሰው መስሎት «አስከሬኑ በየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ በመስኮቱ አቀበለቻትና «ጀባዹ!» አለቻት። ይህኛው እንኳ የሚገባው ቦታ ላይ የተባለ ነበር።

እኔ ለቀብር ቀረሁ። ከፍትሐቱ በኋላ፣ አፈሩ ተመልሶ እንዳለቀ፣ የእድሩ ጸሐፊ እንደ ወጉ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆማ ስም መጥራት ጀመረች። የተጠራችው «አለሁ» ትላለች፣ ሌላዋ ትቀጥላለች። የእናቴ ስም ደረሰ።

ማንም አልመለሰም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ «አለሁ» ልል አፌን ከፍቼ፣ ወኪል እንደማይፈቀድ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። ደንቡን ያወጡት ሴት አፈራቸው ገና አልደረቀም። ጸሐፊዋ ስሙን ደግማ ጠራችው፣ ላለመጥራት የምትፈልግ በሚመስል ድምፅ።

«አለች!»

ድምፁ የመጣው ከመቃብሩ በኩል ነው። የእማማ ልጅ ናት፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ቆማለች። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት የተነፈሰች የለችም። ጸሐፊዋም አቀረቀረችና ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ትምህርት ከሩቅ ሲሰጥ ኖሬ አይቻለሁ፤ ለቅሶ ከሩቅ ሲደረስ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ፈተናውን በኋላ እሷ እንደነገረችኝ ነው የማውቀው። በር ላይ ፈታሿ ነጠላውን አውልቂ አለቻት፣ ከዚያ የሐዘን መሆኑን ስታይ መልሳ ራሷ አለበሰቻት። ከሁሩታው ጎልማሳ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ላብ በላብ ሆኖ፣ «እዚህስ አቤት የሚልልኝ ማን አለ?» አላት። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሲነሳ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉንም ማንነታቸውን እንደ አዲስ ጠየቋቸው። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ወገን ያለው ሒሳብ ተሰጣትና ስህተቱን ፈልጊ ተባለች። ጠረጴዛው ሳያልቅባት አገኘችው።

አመሻሽ ላይ ከሚኒባሱ ወርዳ በቀጥታ ድንኳን ገባች። እማማ ይከልሏት በነበረው ጥግ ሳይሆን በሩ ጋ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። እንዴት ነበር ያላት የለም። በሠልስቱ፣ እማማ «አንብቢልኝ» ያሏትን አስታወስኳት። ካላለፍኩ ምን ብዬ አነብላቸዋለሁ ብላ እምቢ አለች። ሰው አይን ውስጥ ማየት ተወች። ቀብር የቀረች ሴት ናትና፣ በእሷ ቤት።

ውጤቱ ተለቀቀ የተባለው በእማማ አርባ ቀን ነው። ኔትወርክ ለማግኘት አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ቁጥሯን ደጋግሜ አስገባሁ። ገጹ እየዞረ እየዞረ ቆየና ተከፈተ። እናቴ ጓሮ ለእንግዶች ጠላ ትቀዳለች። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት።

«የእኔ ስም ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«የአባቴስ ስም?»

«የአባትሽም። አልፈሻል።»

ጆጉን አስቀመጠች። እልል እንዳንል ተዝካር ነው፣ እንዳናለቅስ ደስታ ነው፤ እጄን አጥብቃ ይዛ ቆመች። ወንበሯ በኋላ ተረፈላት፣ መሥሪያ ቤቱም ዲግሪዋን ተቀብሎ እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ እዚያው ፋይሎች መሃል መልሶ አስቀመጣት። ምን ተለወጠ ብዬ ብጠይቃት፣ አሁን ካልፈለግኩ አልንሳፈፍም አለችኝ።

ያን ቀን ግን መጀመሪያ ያደረገችው ቤት ሄዳ የቆዳ ሽፋኑን ማምጣት ነው። ቄሶቹ ዳዊቱን አድርሰው ወጥተዋል። እናቴ ድንኳኑ መሃል ገብታ የእማማ ልጅ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሽፋኑን ከፈተች፣ ያንን የተሰፋ ሞጁል ማንም እንዲያየው ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። እርሳሱ መሃሉ ላይ አለ።

«አደራ አለብኝ፣ ላነብ ነው» አለች። «ከዚያ በፊት ግን፣ ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም። ጸሐፊዋ ትመዝግበኝ። ቀሪ ነኝ።»

«ነበርሽ» አለች የእማማ ልጅ።

«ኧረ አሰላ ነበርኩ! አንቺው አይደለሽ የላክሽኝ?»

«ስምሽ ሲጠራ አለች ብያለሁ። እናቴ መቃብር ላይ ቆሜ እዋሻለሁ?»

የሌለሁበት ቦታ አለች አትበሉኝ ያለችው እናቴ ናት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ማንበብ ጀመረች፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል እየረገጠች። ሴቶቹ አንድም አልገባቸውም። ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመች ቁጥር ግን «አሜን» ይሏታል።

ስትጨርስ የእማማ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ምን ይላል?» አለቻት።

«የተቀበልሽውና የሰጠሽው እኩል መሆን አለበት ይላል።»

«ታዲያ እኩል ነው?»

እናቴ ገጹን አየችው። ዕንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ ይህን ጊዜ በሒሳቡ አይደለም፣ «አይደለም» አለች። «እኔ የተቀበልኩት ይበዛል።»

ሴቶቹ ይህኛውን በአማርኛ ስለሰሙት ከቀድሞው ይበልጥ ጮክ ብለው «አሜን» አሉ።